ክራር ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባበት ዘመን



ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች ያለውን ሰፈር ዛሬ ሁላችን ፒያሳ ብለን እንጠራዋለን። ስሙ ጠላት በአምስቱ ዓመት ትቶልን የሄደው ነው፤ ቦታው ግን ከዚያ አስቀድሞ ትልቁ የአራዳ ገበያ የሚቆምበት፥ አዝማሪም መሰንቆውን ይዞ ሰሚ የሚያገኝበት ነበረ። በ1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ ለወረራ በምትዘጋጅበት ጊዜ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን በዚሁ ሰፈር ሲያቋቁሙ፥ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተመረጠው መሣሪያ ንግግርና ዘፈን ነበረ። ነገር ግን ሀገር በጭንቅ ጊዜ የጠራችው ያ አዝማሪ፥ ጭንቁ ባለፈ ጊዜ ስሙ መልሶ ስድብ ሆነበት። ልጁ አዝማሪ እንዲሆንለት የሚመኝ አባት በአራዳ ይገኝ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ከተሻገሩት ወጣቶች መካከል ጥቂቶቹ የመረጡት ይህንኑ የተናቀ ሙያ መሆኑን ስናስብ፥ ድፍረታቸው ቀላል አልነበረም። ዘመድ የሚጠብቀው ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ወይም የሕግ ዐዋቂ ነበረ። አቶ ተስፋዬ ገሠሠ ቴአትር ለማጥናት ወደ አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ ኋላም ተመልሰው የሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቴአትርንም መሩ። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ሥዕል ተምረው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከጀርመን አገር ከኮሎኝ ተመልሶ በዚያው አስተማረ።

እኔ ግን ዛሬ በተለይ ላነሣቸው የምወደው ዶክተር አሸናፊ ከበደን ነው። የአዲስ አበባ ተወላጅ ሲሆኑ፥ በአሜሪካ ኢስትማን በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ተመረቁ። በሀገራቸውም ኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ። እንዲህ ያለ ማዕርግ ላይ የደረሰ ሰው ትምህርት በቃኝ ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ወደ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው የማስተርና የዶክትሬት ዲግሪ ተማሪ ሆኑ። የጥናታቸውም ርእስ የቤቶቨን ወይም የሞዛርት ድርሰት አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃና ሙዚቃው የበቀለበት ኑሮ ነበረ። በ1971 (እንደ አውሮፓ) በዚሁ ዶክተር ተባሉ።

ከጽሑፎቻቸው አንዱ፥ በ1977 (እንደ አውሮፓ) የታተመው፥ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ብሎ ይሰይማል። ስሙን ያወጡት እሳቸው አይደሉም፤ የሕዝቡን አባባል ነው የመዘገቡት። በገናና ክራር አንድ ዘር ናቸው፤ የበገናው ሆድ እንደ ሣጥን፥ የክራሩ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው፥ ክራር ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት። ታዲያ አንዱ የዳዊት ተብሎ በጾም በመኳንንት ቤት ሲደረደር፥ ወንድሙ ስለ ምን ተረገመ? እንጨቱ ምንም አልበደለም። ክራር የተረገመው ለፍቅርና ለመጠጥ ቤት ዘፈን ስላገለገለ ይመስለኛል። ይህን ጥያቄ በሊቃውንት መጽሔት ላይ ለመጠየቅ ሁለቱንም ዓለም ማወቅ ያስፈልግ ነበረ፤ ዌስሊያን ብቻውን አይበቃም፥ አራዳም ብቻውን አይበቃም።

በዚያው ዘመን በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማእከል ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤልዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 (እንደ አውሮፓ) አቋቋሙ። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ የመሰንቆ፥ የክራር፥ የዋሽንትና የእምቢልታ ባለሙያዎች በአንድነት ተቀመጡ። መሰንቆ ከባለቤቱ ድምፅ ጋር ብቻ ሊሄድ የለመደ መሣሪያ ነውና ይህ ራሱን የቻለ ድካም ነበረ። ኋላ ተስፋዬ ለማ መሪነቱን ተረከቡ።

የኮሌጅ ተማሪዎችም አልቦዘኑም። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ የተቋቋመው የሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ማኅበር ከ1953 (እንደ አውሮፓ) ጀምሮ መጽሔት ያወጣ ነበር፤ ዕቁብን የመሰለ ጉዳይ በዚያ ተጽፏል። በየወሩ ከደመወዙ ላይ ቆርሶ ዕቁብ የሚጥል የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ዕቁብህ የሊቃውንት ርእስ ነው ቢሉት ምናልባት ይስቅ ይሆናል። ተማሪው ግን አልሳቀም፤ ጠይቆ ጻፈ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በእነዚያ ቤቶች ማን ምን ዘፈነ፥ ስንት ዕቁብ ተጣለ፥ ማን መዝግቦት ይሆን? ዶክተር አሸናፊ ኑሯቸውን በአሜሪካ አድርገው በዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምሩ ቆይተው በ1990 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዐረፉ። ስለ ክራር የጻፉት ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል።