ባልበሉት ዕዳ

ኑ፣ ቀረብ በሉ። የምተርክላችሁ የአንድ ሸሪፍ ታሪክ ነው። ሸሪፍ ሲባል በፊልም ያየነው ባለኮፍያና ባለፈረስ ይታወሰን ይሆናል። የእኛ ሰውዬ ፈረስ የለውም። ሕግ የተማረ የቺካጎ ልጅ ነው፤ ቶም ዳርት ይባላል። ቺካጎ በምትገኝበት በኩክ ካውንቲ በ2006 ሕዝብ መርጦት ሸሪፍ ሆነ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ ነገሩ የተፈጸመው በእነሱ አገር ስለሆነ።

የሸሪፍ ሥራው ብዙ ነው። እስር ቤት ያስተዳድራል፤ ችሎት ይጠብቃል። ማንም የማይመኘው ሥራ ግን አለው፤ ፍርድ ቤት «ይልቀቅ» ብሎ የወሰነበትን ሰው ቤት ማስለቀቅ። ትእዛዙ ይመጣል፤ ፖሊሶቹ ሄደው በር ያንኳኳሉ፤ ቤተሰቡ ይወጣል፤ አልጋና ድስቱ ደጅ ይሰጣል።

ጊዜው 2008 ነው። በቤት ብድር የሰከረችው አሜሪካ ስካሩ ለቋት ራስ ምታቱ የጀመራት ሰሞን። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ ባንክ በሴፕቴምበር አጋማሽ ወድቋል። ባንኮቹን ለማዳን የተመደበው 700 ቢሊዮን ዶላር በፕሬዚዳንት ቡሽ ፊርማ የጸደቀው ኦክቶበር 3 ቀን ነው። ባንኮቹ የሚያድናቸው አገኙ። በዚያው ሰሞን የዳርት ፖሊሶች ደግሞ በቺካጎ ደረጃዎች ላይ ወዲህ ወዲያ ይላሉ፤ ባለቤቱ የባንክ ዕዳውን ስላልከፈለ የተወሰደ ቤት ሊያስለቅቁ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን እንደ ፈረንጆቹ ፎርክሎዠር ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው ልበል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙ። ፖሊሱ የያዘው ወረቀት ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። በሩን የሚከፍተው ግን ሌላ ሰው ነው።

«ቤቱን ልቀቅ።»

«ለምን? ኪራዬን በየወሩ እከፍላለሁ። ይኸው ደረሰኙ።»

«ባለቤቱ ለባንክ አልከፈለም።»

«እኔ መች ከባንክ ተበደርኩ?»

ይህን የመሰለ ንግግር አንድ ቀን ቢሰማ ገጠመኝ ይባል ነበር። በየሳምንቱ ሲደጋገም ሸሪፉን እንቅልፍ ነሣው። ባንኩ ባለቤቱን ሲከስ፣ ፍርድ ሲያስፈርድና ሐራጅ ሲያወጣ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። የኢሊኖይ ግዛት ሕግ ተከራይ አስቀድሞ ይነገረው፣ 120 ቀን ይሰጠው ይል ነበር። ሕጉ በመጽሐፉ ላይ ነበር፤ ከተከራዩ ጆሮ የደረሰው ግን ከስንት አንዴ ነው።

የባንኩን ክርክርም ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ታሪኩ የክፉና የደግ ተረት ይሆናል። ባለቤቱ ቤቱን ሲገዛ ከባንክ ይበደራል፤ ባንኩም ቤቱን በመያዣነት ያስመዘግባል። ተከራዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቆየው የአሜሪካ ሕግ ቀድሞ የተመዘገበ መብት ኋላ የመጣውን ያጠፋዋል። ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ የኪራይ ውሉም አብሮ ይከስማል፤ አዲሱ ባለቤት «ከእኔ ጋር ምን ውል አለህ?» ቢል በብዙ ግዛቶች ሕጉ ከጎኑ ነበር። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ግልጽ ነው፤ ለሕጻናት እናት ግን እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

ደግሞ አከራዩ አለ። አከራይ ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ወለዱ በአንድ ጀንበር አሻቅቦበት የወደቀ ብዙ ነው። ነገር ግን ቤቱ እንደሚወሰድ እያወቀ፣ ለባንክ ሰባራ ሳንቲም ሳይከፍል፣ ኪራዩን እስከ መጨረሻዋ ወር እየተቀበለ ዝም ያለም ነበር። ዲፖዚት ተቀብሎ አዲስ ተከራይ ያስገባም አልጠፋም። ለዚህኛው ይቅርታ የለኝም።

እንግዲህ ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2008፣ በእኛ መስከረም 28 ቀን 2001 መሆኑ ነው፣ ሸሪፍ ዳርት ጋዜጠኞችን ሰበሰበ። ከዛሬ ጀምሮ ባንክ በወሰደው ቤት ፖሊሶቼ ማንንም አያስወጡም አለ። ባንኮቹ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር አጣርተው ይምጡ፤ የእነሱን ሥራ በግብር ከፋይ ገንዘብ አልሠራላቸውም፤ ያለጥፋቱ ሰው ደጅ ማውጣት ይብቃኝ አለ።

ጉድ ፈላ! የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈጽም ሹም «አልፈጽምም» ሲል ቀላል ነገር አይደለም። የኢሊኖይ ባንኮች ማኅበር ሰውዬው ሕግን በገዛ እጁ ይዟል ብሎ ጮኸ። ፍርድ ቤት በመድፈር ትከሰሳለህ ሲባልም «ልከሰስ» አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ባንኮቹ አንድ እውነት ነበራቸው፤ ሹም ሁሉ የወደደውን ትእዛዝ ብቻ የሚፈጽም ከሆነ ነገ የእኛን ፍርድ ማን ያስፈጽምልናል? ሆኖም ሸሪፉ እንዲህ ባያንባርቅ ተከራዩን ማንም አያየውም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቤት ማስለቀቁ እንደገና ተጀመረ፤ ግን በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አስቀድሞ እንዲጣራ የሚያስገድድ ሥርዓት ተበጅቶ። በተከታዩ ዓመት ታይም መጽሔት ዳርትን ከ100 የዓለም ተጽዕኖ ፈጣሪዎች አንዱ አድርጎ መረጠው።

ታሪኩ ከቺካጎ ወጥቶ ዋሽንግተን ገባ። ሜይ 20 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ በአንድ ትልቅ የቤት ሕግ ላይ ሲፈርም በውስጡ ለተከራይ የቆመ አጭር ክፍል ነበረበት። እንዲህ ይላል፦ በፎርክሎዠር ቤት የያዘ አዲስ ባለቤት፣ ባንክም ይሁን ሌላ ገዢ፣ እውነተኛ ተከራይን ለማስወጣት ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ። ተከራዩ ጊዜው ያላለቀ ውል ካለው ደግሞ ውሉ እስኪያልቅ ይቀመጥ። ገዢው ራሱ ሊኖርበት ከሆነ ግን በ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ባንክ መቼም መኝታ ክፍል አያሻውም፤ ስለዚህ ቤቱ በባንኩ እጅ እስካለ ውሉ ይከበራል ማለት ነው። የመንግሥት የኪራይ ድጎማ፣ ሴክሽን ኤት የሚባለው፣ ያለው ተከራይም ውሉ ከነድጎማው ወደ አዲሱ ባለቤት ይተላለፋል።

ባንኮች «ክሱ ከተጀመረ በኋላ የተፈረመ ውል አይቆጠርም» ብለው ተከራከሩ። ኮንግረስ በ2010 መልስ ሰጠ፤ ባለቤትነቱ ሙሉ በሙሉ ከመተላለፉ በፊት የተፈረመ ውል ሁሉ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህ ለእኛም ሰው ጉዳይ ነውና። በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤዝመንት የሚከራየው በአፍ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወይም ቡና ላይ «የእገሌ ቤዝመንት ባዶ ነው» ይባላል፤ ያልቃል። «የአገሬ ልጅ ነው፤ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ኪራዩ በጥሬ ገንዘብ፣ ደረሰኙ በመተማመን። መተማመኑ መልካም ነው። ባንኩ ግን የእገሌ የአገር ልጅ አይደለም።

ታዲያ ሕጉ እውነተኛ ተከራይ የሚለው ማንን ነው? የተበዳሪው ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ አባት ወይም እናት የሆነ ሰው አይገባበትም። ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ አማች፣ የክርስትና ልጅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ በዝምድናው ብቻ አይወድቁም። ሁለት መስፈርት ግን ይቀራል። ውሉ እንደ ባዕድና ባዕድ የተደረገ፣ ከልብ የሆነ ኪራይ መሆን አለበት፤ ኪራዩም ከአካባቢው ዋጋ እጅግ ያነሰ መሆን የለበትም፤ በመንግሥት ድጎማ ያነሰ ካልሆነ በቀር። አሁን አስቡት፤ አከራዩ ለአክስቱ ልጅ አዝኖ በገበያው ግማሽ ዋጋ አከራየው። ደግ አደረገ። በችሎት ፊት ግን ያቺው ደግነት የባንኩ ጠበቃ የሚመዝዛት ሰይፍ ልትሆን ትችላለች። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች በሐሰተኛ ውል ቤት የሚይዙትን ሊከላከሉ ነው ያሰቡት፤ የእኛን ዝምድና አያውቁትም።

በቃል የተከራየ ሰውስ ባዶውን ይቀራል? አይቀርም። የጽሑፍ ውል የሌለው ወይም ከወር ወር የሚኖር ተከራይም 90 ቀኑ ይገባዋል። ኪራይ እየከፈለ መኖሩን ማሳየት ግን የእሱ ፋንታ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ሲከፍል የኖረ በምን ያሳይ?

ሕጉ ዕድሜ ተቆርጦለት ነበር የወጣው፤ መጀመሪያ እስከ 2012 ማብቂያ፣ ኋላ እስከ 2014 ማብቂያ። ከዚያ ሞተ። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ተከራዩ በየግዛቱ ሕግ ምሕረት ሥር ወደቀ። በሜይ 2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፈረመው ሕግ ተነሣ፤ ከጁን 23 ቀን 2018 ጀምሮ ቋሚ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሁለት ፕሬዚዳንቶች በዚህች ቁራጭ ሕግ ላይ ፊርማቸው መግጠሙ ይደንቀኛል።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ይህን ሕግ አስገድዶ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት አልተመደበለትም። በ2013 ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተከራይ በዚህ ሕግ ተመርኩዞ ባንክን መክሰስ አይችልም ብሎ ወሰነ። ሊያስወጡት ሲከሱት ግን በመከላከያነት ያነሣዋል። ስለዚህ መጥሪያ ደርሶት ችሎት ያልቀረበ ሰው ሕጉ ምንም አላደረገለትም።

ይህን የባንክ ወኪሎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። አንድ ቀን ጨዋ ሰው በር ያንኳኳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁልፉን ካስረከብክ ይህን ያህል ሺሕ ዶላር እንሰጥሃለን ይላል። ነገሩ ሕገወጥ አይደለም፤ ሌላ ቤት ላዘጋጀ ሰው ጥሩ ገበያ ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ 90 ቀን ወይም የቀረ የውል ዘመን እንዳለው የሚነግረው አለመኖሩ ነው። የምትሸጠውን ሳታውቅ ዋጋ አትነጋገር።

አንዳንድ ቦታ ከዚህም የተሻለ አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ባንኩ ቤቱን መውሰዱ ብቻውን ተከራይ ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም፤ አዲሱ ባለቤት አከራይነቱን አብሮ ይወርሳል። ኒው ጀርሲም በ1974 ባወጣችው ሕግ እንደዚያው ናት። የፌዴራሉ ሕግ ወለሉ ነው፤ ግዛቱ የበለጠ ከሰጠ የበለጠው ይጸናል። ዲፖዚት ማን ይመልሳል የሚለው ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል።

እንግዲህ አሜሪካ በኪራይ ቤት ላላችሁ ጥቂት ቃል። «ለቤቱ ነዋሪዎች ሁሉ» የሚል ፖስታ ሲመጣ የእኔ ስም የለበትም ብላችሁ አትጣሉት፤ የእናንተው ነው። ባለቤቱ ዕዳ ውስጥ ገባ ብላችሁ ኪራይ አታቁሙ፤ ሕጉ ኪራይ ለማይከፍል አይቆምም። ለማን እንደምትከፍሉ ግራ ከገባችሁ አዲሱ ባለቤት ባለቤትነቱን በወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ እስከዚያ ገንዘቡን ሳትነኩ አስቀምጡ፤ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ቢሮዎችንም አማክሩ። በቃል የተከራያችሁ ደግሞ በዚሁ ሳምንት ከአከራያችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የኪራይ ዋጋ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ሁለት ፊርማ። የሚቀጥለውንም ኪራይ በቼክ ክፈሉ።