የምርምር ገንዘብና የብሔረሰቦች እኩልነት በትምህርት

አዳማና በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚገኙት ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ (ባቱ) እና ሻሸመኔ የብዙ ቋንቋዎች መገናኛ መሆናቸው የታወቀ ነው። በአዳማ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድና በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሠራተኞችን ስበዋል። የእነዚህ ሁሉ ልጆች ትምህርትን በእኩልነት ማግኘት አለማግኘታቸውን ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል፤ ጥናትም ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከውጭ ሲገኝ ምን ማሰብ እንደሚገባ ከዚህ በፊት የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ያስገነዝቡናል።

የመጀመሪያው በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ የተካሄደው የቋንቋ አጠቃቀምና አስተማመር ጥናት ነው። የኢትዮጵያውን ክፍል በ1961 ዓ.ም. የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች በትብብር አከናወኑት። ሕዝቡ በገበያና በፍርድ ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገር ተመረመረ፤ የአዳማ ጎረቤት የሆነው አርሲም ከተጠኑት ሥፍራዎች አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ ብቻ ስለነበረ፣ ጉዳዩ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ከምባትኛ ለሚናገር ሕፃን ከፍ ያለ ዋጋ ነበረው። ይሁን እንጂ ውጤቱ ቤንደር፣ ቦወን፣ ኩፐርና ፈርጉሰን በአዘጋጁት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የታተመው በ1976 እ.ኤ.አ. (በ1968/69 ዓ.ም.) ነው። ይህም ጥናቱ ሲካሄድ የነበረው መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነበር።

ሁለተኛው በ1964 ዓ.ም. የዓለም ባንክ እርዳታ ታክሎበት የተዘጋጀው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ነው። ዓላማው ትምህርትን ለገጠሩ ሕዝብ ማዳረስ ነበር። ነገር ግን ሰነዱ ለመምህራን ሳይገለጽ ለረዥም ጊዜ ቆየ። መምህራኑም ዕቅዱ የድኾችን ልጆች ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ የሚያስቀር ነው በማለት በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም አፈጻጸሙን ለማዘግየት ተገደደ።

ከሁለቱም እንደምንረዳው የጎደለው ገንዘብ አልነበረም። በመጀመሪያው ውጤቱ በጊዜውና መምህሩ በሚያነበው ቋንቋ አልደረሰም፤ በሁለተኛው ደግሞ መምህሩ ሳይጠየቅ ቀረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች መጠቀሙና የ1986ቱ ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ማድረጉ ብዙውን ችግር አቃልሏል። ቢሆንም እንደ አዳማ ባሉ ከተሞች የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛም አማርኛም ያልሆነ ሕፃን ጉዳይ ገና መልስ ይጠብቃል።

ስለዚህ ይህን ለማጥናት ገንዘብ የሚጠይቅ የዕቅድ ባለሙያ በማመልከቻው ውስጥ ሦስት ነገሮችን ሊያጸና ይገባል። እነዚህም የጥናቱ ጥያቄ ከትምህርት ቤት እንዲመነጭ፣ መምህራን ከተመራማሪዎቹ እንዲቆጠሩ፣ ዘገባውም በአካባቢው ቋንቋ እንዲወጣና ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ እንዲመደብ ነው።