ስለ ስሜን ተራራ ደቂቃን ነፍሳትና ስለ መርማሪዎቻቸው

ዶክተር ሂዩ ስኮት በ1952 እ.ኤ.አ. (ቀጥለው የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ወደ ላይኛው ስሜን ለመጓዝ በተነሡ ጊዜ ዕድሜያቸው 67 ዓመት ያህል ነበረ፤ በ1908 የሲሸልስን ደሴቶች፣ በ1926 ከጆሴፍ ኦመር ኩፐር ጋር የዝቋላን ተራራና የሸዋን ደን፣ በ1937 የየመንን ደጋ፣ በ1948 ደግሞ በጋሞ አገር የጉጌን ተራሮች የመረመሩ፣ አብዛኛውንም ዘመናቸውን በካምብሪጅና በለንደን ቤተ መዘክሮች በነፍሳት ጥናት ያሳለፉ ሊቅ ነበሩና፣ በዚያ ዕድሜ በቤታቸው ቢያርፉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ወደ ስሜን ያወጣቸው ግን የአደን ምኞት ሳይሆን፣ ከድንጋይ ሥርና ከጅባራ ቅጠል መካከል የሚኖሩት ጢንዚዛዎች፣ ዝንቦችና ሌሎች ደቂቃን ፍጥረታት ከየት እንደ መጡና ከማን ጋር እንደሚዛመዱ ለማወቅ የነበራቸው ጽኑ ፈቃድ ነው። የድካማቸውን ፍሬ በ1958 በለንደን የሊኒየስ ማኅበር መጽሔት አሳተሙ፤ ሁለት ዓመት ቈይተውም ዐረፉ።

የረገጡት ምድር ግን ለደቂቅ ፍጥረት ባዕድ አልነበረም። የጎንደር አድባራት መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲተረጕሙ በዕለተ ሐሙስና በዕለተ ዓርብ የተፈጠሩትን፣ የሚሳበውን ከሚሽከረከረው፣ የሚሽከረከረውን ከሚበርረው ለይተው ያስረዱ ነበር፤ በጥንት ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ስለ ጕንዳን ጠባይ የሚናገር ክፍል አለው። ከሁሉ ይልቅ ንብ በከተማዪቱ ሕይወት ውስጥ የነበራት ስፍራ ታላቅ ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ከቈረቈሩ ወዲህ የግብር አዳራሹ ጠጅም ሆነ የቤተ መቅደሱ ጧፍ መነሻው ቀፎ ነበረና። ደርቡሾች በ1888 ከተማዪቱን ሲያቃጥሉና አብያተ ክርስቲያናቷን ሲመዘብሩ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈው የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን ስላባረረ ነው ብለው አባቶች ይተርካሉ፤ በጣሪያው የተሣሉትን ኪሩቤል ለማየት የገባ እንግዳም ይህን ሳይሰማ አይወጣም።

ከስኮት አስቀድሞ የመጡት የውጭ አገር ተጓዦችም ነፍሳትን ፈጽመው አልዘነጉም። በ1770 ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ፣ በቈላ ከብት ስለሚፈጅ አንድ ዝንብ ሥዕል ጨምሮ ጽፎአል፤ ከብት አርቢዎቹ የዝንቡን ድምፅ ገና ሲሰሙ መንጋቸውን ከጥቁር አፈሩ ወደ አሸዋማው ምድር የሚያሸሹ መሆናቸውን የገለጠበት ቦታ፣ የዝንብን፣ የአፈርን፣ የዝናምንና የሰውን ኑሮ በአንድ ገመድ አስሮ የሚያሳይ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት በዚህ አካባቢ ስለ ሥነ ምህዳር ከተጻፉት ቀደምት ነገሮች አንዱ ነው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 ስሜንን አልፎ ጎንደር ደረሰ፤ ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስታወቀ እርሱ ነው። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉት ሁለት የፈረንሳይ መኰንኖች ከትግሬ፣ ከስሜንና ከአማራ ሰብስበው የወሰዷቸውን ነፍሳት ደግሞ ሉዊ ራይሽ ፓሪስ ተቀምጦ ስም አወጣላቸው። የእነዚህ ሰዎች ዋና ሥራ መሰብሰብና መሰየም ነበረ፤ ፍጥረቱ ስለ ምን በዚያ ተራራ እንደሚኖርና ስለ ምን እንዲያ ሆኖ እንደ ተለወጠ መጠየቅ ለኋለኞቹ የቀረ ነው።

ጥያቄውን ለሚጠይቅ ሰው ከስሜን የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ተራራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተከመረ፣ ወንዝና ዝናምም የሸረሸሩት ነው፤ የተከዜ ሸለቆ ከላስታ ደጋ ይለየዋል። በቀዝቃዛው ዘመን በራስ ደጀንና በቧሂት አናት የበረዶ ግግር ነበረ፤ የውርጩም አገር ዛሬ ካለበት እጅግ ዝቅ ብሎ ተዘርግቶ ሳለ፣ ሙቀቱ በተመለሰ ጊዜ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ በቈላ ባሕር የተከበበች ደሴት መስሎ ቀረ። ዛሬ በዚያ ከፍታ ቀን ፀሐይ ይለበልባል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጅባራም ሲመሽ ቅጠሎቹን ሰብስቦ ለጋውን እምቡጥ ይሸፍናል።

በጓሳው መካከል ድንጋይ የገለበጠ ሰው፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ፣ እግረ ቀጭንና ሩጫው ፈጣን የሆነ ትንሽ ጢንዚዛ ወደ ጨለማው ሲሸሽ ያያል፤ ይሮጣል እንጂ አይበርም። ጠንካራውን የላይ ክንፉን በመርፌ ጫፍ አንሥተው በማጉያ መነጽር ሲመለከቱት፣ ከበታቹ ታጥፎ ሊገኝ የሚገባው ስሱ የመብረሪያ ክንፍ ወይ ጕቶው ብቻ ቀርቶአል፣ ወይም ጨርሶ የለም። በኢትዮጵያ ደጋ ከሚገኙት ከእነዚህ ጢንዚዛዎች መካከል ትሬኩስና ካላቱስ የሚባሉት ወገኖች ብዙ ዘመዶቻቸው በአውሮፓና በእስያ ቀዝቃዛ አገሮች ይኖራሉ፤ አንዱ ተራራ የያዘውንም ዝርያ ሌላው ተራራ ብዙ ጊዜ አይዘውም።

ክንፉ ስለ ምን ጠፋ? ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በማዴይራ ደሴት ይታወቁ ከነበሩት 550 የጢንዚዛ ዝርያዎች 200ው መብረር የማይችሉ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ የሚበርሩትን ነፋስ እየጠረገ ወደ ባሕር ሲጥላቸው የማይበርሩት ተርፈው ዘራቸውን ተክተዋል የሚል ምክንያት ሰጠ። አሜሪካዊው ዳርሊንግተን ግን በ1943 የብዙ አገር ተራሮችንና ደሴቶችን ጢንዚዛዎች አነጻጽሮ፣ ነገሩን ሁሉ በነፋስ ማመካኘት እንደማይበቃ፣ መኖሪያው ጠባብና ጸንቶ የሚኖር ሲሆን ሌላ ስፍራ ፍለጋ መብረር ጥቅሙ ስለሚያንስ ክንፉ በትውልድ ብዛት እየኰሰመነ እንደሚሄድ አስረዳ። ጆርጅ ሶልትም ስለ ኪሊማንጃሮ ላይኛው ክፍል በ1954 ባሳተመው ጥናት የማይበርሩ ነፍሳት በዚያ መብዛታቸውን አሳየ። እኔ ስለ ስሜን ወደ ዳርሊንግተን ቃል አደላለሁ፤ ከድንጋይ ሥር ለሚኖር ፍጥረት ነፋስ ብዙም አይደርስበትምና፣ ምግቡም መጠለያውም በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ነውና።

ጢንዚዛው የሚያስነሣውን ጥያቄ ንብም ታስነሣለች። በ2004 አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው የሠራተኛ ንቦችን አካል በየክፍሉ ለክተው የኢትዮጵያን ንቦች በአምስት ወገን ሲከፍሉ፣ የሰሜኑን ተራራማ ደጋ ንብ በኪሊማንጃሮና በኬንያ ተራሮች ከሚታወቀው የተራራ ንብ ወገን አደረጉት፤ በ2011 ደግሞ ማሪና ማይክስነርና ጓደኞቿ፣ የኢትዮጵያ ንብ ከጎረቤት አገር ንቦች የተለየ አንድ ወገን ነው ብለው፣ ሲሜንሲስ የሚል የስሜንን ስም የሚያሰማ መጠሪያ ሰጡት። አንዱ አምስት ያየውን ሌላው አንድ ማየቱ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ከቈላ ወደ ደጋ ንቧ በመጠንም በጠባይም ቀስ በቀስ ስለምትለወጥ፣ ድንበሩን የሚያሰምረው የመርማሪው መለኪያ ነው።

በጎንደር ከተማ የነፍሳት ጥናት የተስፋፋው ግን በሌላ በር ገብቶ ነው። በደምቢያ ሜዳ ወባ ሕዝብ በፈጀ ማግሥት፣ በ1954፣ በከተማዪቱ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1958 በአገሪቱ የተነሣው ወረርሽኝም 150,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ተገምቶአል። ከዚያ ወዲህ የወባ ትንኝና ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የመርማሪዎቹን ዐይን ቢስቡ ትክክል ነው፤ በሽተኛ በደጅ ቆሞ ስለ ጢንዚዛ ክንፍ የሚጠይቅ የለምና።

ይሁን እንጂ ጊዜው ሌላ ሥራ ደርቦ አምጥቶአል። በ1969 የተቋቋመው የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ለዋልያ ተብሎ የተጠበቀ ነው፤ በ2019 በበልግ ወራት እሳት ጓሳውንና አስታውን ሲበላ ዋልያው ይሸሽ ዘንድ እግር ነበረው፤ ክንፍ የሌለው ጢንዚዛ ግን ወዴት ይሸሻል? የአየሩም ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ የውርጩ አገር ወደ ጫፉ ይጠብባል፤ ከራስ ደጀን በላይ ደግሞ ሌላ ደጋ የለም። ስኮት ምርምራቸውን ካሳተሙ ከ60 ዓመት በላይ አልፎአል፤ የጎንደር ተማሪዎች ከሳንቃበር እስከ ግጭና ጨነቅ ያለውን ዳገት በየከፍታው እየቈጠሩ ቢወጡና ያገኙትን ከእርሳቸው መዝገብ ጋር ቢያስተያዩ፣ የትኛው ዝርያ ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደ ሸሸ፣ የትኛውም ከቀድሞ ስፍራው እንደ ታጣ በቍጥር ይታወቅ ነበር፤ ለዚህም ሥራ የሚያስፈልገው ማጉያ መነጽር፣ መርፌ፣ የናሙና ሣጥንና ብርድ የሚችል ወጣት ነው።