ትልቅ ብሎክ እና ትንሽ ብሎክ ሞተር፤ ልዩነታቸው እና የጣርማበር ዳገት

በመኪና ገበያ «ትልቅ ብሎክ» እና «ትንሽ ብሎክ» የሚሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ የሞተርን ጉልበት ለመግለጽ ይነገራሉ። በመነሻቸው ግን ጉልበትን አይደለም የሚያመለክቱት። ብሎክ ማለት ሲሊንደሮቹ የተቦረቦሩበት፣ ቴስታታው ከላይ የሚታሰርበት፣ ኮሎው ከሥር የሚዞርበት የሞተሩ ዋና የብረት አካል ነው። ስሞቹ የሚናገሩት የዚህን አካል ስፋት ነው።

ስያሜው የአሜሪካ ነው። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1955 በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት 4 ነጥብ 3 ሊትር ሞተር ለገበያ አቀረበ። ከባድ መኪናዎች ሲበዙ ይህ አካል ጠበበ፤ በ1958 ሰፋ ያለ ሌላ ብሎክ ተሠራ፣ በ1965 ደግሞ ይበልጥ የታወቀው ትልቅ ብሎክ ተተካ። በትንሹ ብሎክ ከአንዱ ሲሊንደር መሐል እስከ ጎረቤቱ ሲሊንደር መሐል ያለው ርቀት 111 ነጥብ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ1965ቱ ትልቅ ብሎክ 122 ነጥብ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ለሰፊ ፒስተን፣ ለወፍራም ግድግዳ፣ ለውኃ መተላለፊያ እና ለትላልቅ ቫልቮች ቦታ የሚሰጠው ይኸው ነው። በምትኩ ክብደቱ በሃምሳ ኪሎ ግራም ገደማ ይጨምራል።

ነገሩን የሚያደናግረው ይህ ነው፦ ትንሹ ብሎክ እየተቦረቦረ በ1970 6 ነጥብ 6 ሊትር ደረሰ። የመጀመሪያው የ1965 ትልቅ ብሎክ ግን 6 ነጥብ 5 ሊትር ነበር። ትንሹ ትልቁን በለጠ ማለት ነው። ሆኖም ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ፒስተኖቹ ሲሰፉ በሲሊንደሮቹ መካከል ውኃ የሚያልፍበት ቦታ ጠፍቶ ግድግዳዎቹ ተጣበቁ፣ ሞተሩም በሙቀት ታማ።

በሰሜን ሸዋ መንገዶች እንዲህ ያሉት የአሜሪካ ሞተሮች እምብዛም አይታዩም። ጉዳዩ ግን በየመናኸሪያው አለ። ቶዮታ በሚኒባስ እና በፒክአፕ መኪኖቹ ላይ የገጠማቸው የኤል ተከታታይ የናፍጣ ሞተሮች ዋና ምሳሌ ናቸው። 2ኤል የተባለው 2 ሺህ 446 ሲሲ፣ 3ኤል 2 ሺህ 779 ሲሲ፣ 5ኤል ደግሞ 2 ሺህ 986 ሲሲ ነው። ሦስቱም ባለአራት ሲሊንደር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የ2ኤል የሲሊንደር ስፋት 92 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ3ኤል 96፣ በ5ኤል 99 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ደረሰ። የፒስተኑ ጉዞም ከ92 ወደ 96 ሚሊ ሜትር አደገ።

ሲሲ የሚባለው ቁጥር የሚወጣውም ከእነዚህ መጠኖች ነው፤ የሲሊንደሩ አፍ ስፋት ፒስተኑ ወጥቶ በሚወርድበት ርቀት ይባዛል፣ ውጤቱ በሲሊንደሮቹ ቁጥር ይባዛል። በላንድክሩዘር የሚታወቀው ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ሞተር 94 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት እና 100 ሚሊ ሜትር የፒስተን ጉዞ ስላለው 4 ሺህ 164 ሲሲ ይሆናል። መካከለኛ ጭነት የሚያነሣው የአይሱዙ ኤንፒአር 4ኤችኤፍ1 ሞተር 4 ሺህ 334 ሲሲ ሲሆን የሲኖትራክ ደብሊውዲ615 ደግሞ 9 ሺህ 726 ሲሲ ነው።

ይህ ቁጥር ሞተሩ በአንድ ሙሉ ዙር ሥራው ምን ያህል አየር ሊስብ እንደሚችል ይነግራል። የሚስበው አየር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግን አይነግርም። ሰሜን ሸዋ ላይ ጉዳዩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጣርማበር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው 4 ነጥብ 3 ሊትር የአይሱዙ ሞተር በዚያ ከፍታ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ 3 ነጥብ 2 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር ከሚያገኘው አይበልጥም። ከቆላው ማሾ ወይም ሽንኩርት ጭኖ የሚወጣ መኪና ሸዋ ሮቢት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሲሄድ ቆይቶ ደብረ ሲናን ሲያልፍ ወደ ሁለተኛ የሚወርደው ዳገቱ ስለቆመ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም እያነሰ ስለሚሄድ ነው።

ጥቁሩ ጭስም ከዚሁ ይመነጫል። የቆዩት የናፍጣ ፓምፖች አየሩ መሳሳቱን አያውቁም፤ ቆላ ላይ የሚረጩትን ያህል ደጋ ላይም ይረጫሉ። የማይቃጠለው ናፍጣ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ሹፌሩ ነዳጁን አብዝቶ ሲረግጥ ጭሱ እና ሙቀቱ ይጨምራሉ እንጂ ጉልበቱ አይጨምርም። ማርሽ ቀንሶ የሞተሩን ዙር ማብዛት ይሻላል።

የብሎክ ትልቅነት ብቻውን መልስ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ቱርቦ በጭስ ጉልበት እየዞረ አየሩን ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ ከፍታው የወሰደውን ብዙ ክፍል ይመልሳል። ላንድክሩዘር ለዚህም ማስረጃ ይሆናል፦ 1ኤችዜድ ያለ ቱርቦ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ በተመሳሳይ 4 ሺህ 164 ሲሲ የተሠራው ባለቱርቦ 1ኤችዲ-ኤፍቲኢ 200 ገደማ ይሰጣል። በአንጻሩ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፤ በገጠር ጋራዥም ይጠገናል። ለአንኮበር መንገድ የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው የጭነቱ ክብደት እና የጥገናው ቅርበት ነው።

ቁልቁለት ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ መኪናን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ከሆነ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለም መያዝ ያቆማል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሲያዝ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ትልቅ ሲሲ ያለው ሞተር ከትንሹ የተሻለ ይይዛል። ከባድ መኪኖች የጭስ መውጫውን የሚዘጋ ተጨማሪ ፍሬን የተገጠመላቸውም ይህን መጎተት ለማጠንከር ነው። ትንሽ ሞተር ያለው ቅጥቅጥ ወይም ሚኒባስ ተሳፋሪ ሞልቶ ሲወርድ ማርሹ ከቁልቁለቱ በፊት መቀነስ አለበት፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር አደገኛ ነው። ማርሽ አውጥቶ ናፍጣ ለመቆጠብ መንሸራተትማ ሕይወትን በጥቂት ብር መሸጥ ነው።

ሙቀትም ከብሎኩ ጋር ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። የሞተር ውኃ ግን ከዚህ በቀረበ ሙቀት ነው ሲሠራ የሚውለው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው የማይፈላው። ክዳኑ ጎማው ያረጀ ከሆነ ጤነኛ ሞተር ዳገቱ ላይ ይፈላል፣ ከዚያም ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጣመማል። በሲሊንደሮቹ መካከል ቀጭን ግድግዳ ያለው፣ ብዙ የተቦረቦረ ሞተር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል። ክዳኑ የሞተሩን ዋጋ ቅንጣት ታህል የማያወጣ ዕቃ ነው።

በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮችንም ጉዳዩ ይነካል። የውኃ መሳቢያ ሞተር በደጋ ላይ ጉልበቱ እንደ መኪናው ይቀንሳል። ከዚህ የተለየ አንድ ችግር ግን አለው፦ ውኃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየሩ ግፊት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ፓምፕ በመምጠጥ ቢበዛ ከ10 ሜትር ጥቂት ከፍ ካለ ጥልቀት ሊስብ ይችላል ቢባል፣ በደብረ ብርሃን ከፍታ ወሰኑ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ከ5 ሜትር አካባቢ በላይ መጠበቅ አይገባም። ትልቅ ሞተር መግዛት ይህን አይፈታም። ፓምፑን ወደ ወንዙ ማቅረብ እና ወደ ማሳው የሚገፋበትን ቱቦ ማርዘም ይሻላል።

ሲሲ በኪስም ላይ ይታያል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አዲስ የቤት አውቶሞቢልን እስከ 1 ሺህ 300 ሲሲ ከሆነ 5 በመቶ፣ እስከ 1 ሺህ 800 ከሆነ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 100 በመቶ አስከፍሏል፤ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱ ከዚህ ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ሞተር በሬቲፊካ ዕድሜው እየተራዘመ ነው። ሲሊንደሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲሰፋ 5ኤል 30 ሲሲ ያህል ብቻ ያድጋል፤ ጉልበቱ ጨመረ ተብሎ ዋጋ የሚጨመርበት አይደለም። እንዲያውም ለቀጣዩ ሬቲፊካ የቀረው ግድግዳ ሳስቷል ማለት ነው። እንደ ሲኖትራክ ባሉት ከባድ ሞተሮች ግን ሲሊንደሩ ተለዋጭ ካና ስላለው ብሎኩ ሳይነካ ይታደሳል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሞተሩን ዓይነት በበሩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ሊያውቅ አይችልም። ዓይነቱ እና ቁጥሩ በብሎኩ ላይ ተቀርጸዋል፤ በ2ኤል ቦታ 5ኤል የገባበት ሚኒባስ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ስም በሚዞርበት ቀን መንገድ ትራንስፖርት ቢሮው በር ላይ ይቆማል።