የምልልስ ጊዜ፦ ፍጥነትና ጥንቃቄ በእርግጥ የሚጋጩት የት ላይ ነው?

የኔትወርክ ባለሙያዎች «ራውንድ ትሪፕ ታይም» የሚሉት፣ መልእክት ከስልክ ተነሥቶ ሰርቨር ዘንድ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ነው። «የምልልስ ጊዜ» ብንለው ይበቃል፤ ለአንድ ፊርማ ቢሮ የተመላለሰ ሁሉ ይገባዋል። ቃሉ የሚጠቅመን «ድረ ገጹ የሚንቀራፈፈው ጥበቃ ስለበዛበት ነው» የሚለውን አቤቱታ ለመመዘን ነው።

የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው እነዋሪ፣ ሰንጋና ስንዴ የሚያገበያይ ድረ ገጽ አለ እንበል፤ ሰርቨሩ ግን አውሮፓ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል፤ ኬብሉ ዞሮ ስለሚሄድ በተግባር ይበልጣል። ቲኤልኤስ 1.2 የተባለው የምስጠራ ደንብ፣ መስመሩ ከተከፈተ በኋላ መረጃ ከመላኩ በፊት ሁለት ምልልስ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 1.3 ይህን ወደ አንድ አወረደው፤ ደካማ የምስጠራ ስልቶችንም አስወገደ። ፈጠነም፣ ጠነከረም። ምስጠራን ጨርሶ የሚተው ሰው የሚያተርፈው ያቺኑ አንድ ምልልስ ነው፤ ገጹ ላይ የተከመሩት ከባድ የሰንጋ ፎቶዎች ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይበላሉ።

እውነተኛው ግጭት ሌላ ቦታ ነው። ይኸው 1.3 ቀድሞ ለተገናኘ ደንበኛ «ዜሮ ምልልስ» ይፈቅዳል፤ ጥያቄው ከመጀመሪያው መልእክት ጋር አብሮ ይላካል። ይህን መልእክት መንገድ ላይ የቀዳ ሰው፣ ምስጢሩን ሳይፈታ እንኳ ደግሞ ሊልከው ይችላል። የስንዴ ዋጋ ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ ማን ይጎዳል? የሰንጋ ክፍያ ሁለት ጊዜ ቢታዘዝ ግን ገዢው ይጎዳል። ስለዚህ ዋጋ ማሳያው በዜሮ ይሂድ፤ ክፍያው አንዷን ምልልስ ይታገሥ።

«ደካማ ኔትወርክ ላይ አንዷም ምልልስ ትከብዳለች» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ የሚከፍለው ሰው በዝቷል፤ መልስ ሲዘገይበት ደግሞ «ላክ»ን ደጋግሞ መጫኑ አይቀርም። መድኃኒቱ ግን ጥበቃን መቀነስ ሳይሆን ሰርቨሩን ማቅረብ፣ ፎቶዎቹን ማቅለል፣ የተከፈተውን መስመር ሳይዘጉ ደግሞ መጠቀም ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያም ስልኩ የማይደገም ቁጥር ይስጠው። ያኔ ትእዛዙን የደገመው ሌባም ሆነ የቸኮለ ገዢ፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ አንዴ ብቻ ይፈጽመዋል፤ ይህን ለማመሳከር የሚፈጀውም ጊዜ አውሮፓ ደርሶ ከመመለስ እጅግ ያነሰ ነው።