ባለ ሁለት ምክር ቤት ፓርላማ በኢትዮጵያ

ባለ ሁለት ምክር ቤት ፓርላማ የሕዝብ ውክልና ለሁለት ጉባኤዎች ተከፍሎ የሚሠራበት ሥርዓት ነው። ብዙውን ጊዜ አንደኛው ምክር ቤት የሕዝብ ቁጥርን መሠረት አድርጎ በቀጥታ ይመረጣል፤ ሁለተኛው ክልሎችን ወይም ማኅበረሰቦችን ይወክላል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሁለት ሴናተሮች አሉት። በጀርመን የላይኛው ምክር ቤት አባላት የክልል መንግሥታት ተወካዮች ናቸው። የኢትዮጵያው ሁለተኛ ምክር ቤት ግን ሕግ አያወጣም፤ የሚወክለውም ክልልን ሳይሆን ብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ነው።

ታሪክ

ሁለት ምክር ቤቶች በኢትዮጵያ የተቋቋሙት በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው፤ እነሱም የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ሲፈቅድ፣ የመወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ መሾማቸውን ቀጠሉ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ሁለቱም ተበተኑ። በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ አንድ ምክር ቤት ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ሁለት ምክር ቤቶች ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመጡ ናቸው።

አወቃቀር

በከምባታ የምትገኘው የዶዮገና ነዋሪ ውክልና በሁለት መንገድ አዲስ አበባ ይደርሳል። የመጀመሪያው በምርጫ ጣቢያ የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ለ5 ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ይሆናል። የዚህ ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፤ ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ 20ው ወንበር የአናሳ ብሔረሰቦች ነው።

ሁለተኛው መንገድ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ያገኛል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከምባታ ከ600 ሺህ በላይ፣ ሀዲያ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ነበር። በዚህ ስሌት ለከምባታ አንድ፣ ለሀዲያ ሁለት ወንበር ይደርሳቸዋል። በቁጥር ብቻ ቢኬድ ድምፃቸው የማይሰማ ትንንሽ ብሔረሰቦችም ከትልልቆቹ ጋር አንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። የዚህ ምክር ቤት ትልቁ ክብር ይህ ነው።

ሥልጣን

ሕግ የሚያወጣውና የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ በክልሎች መካከል ለሚነሳ አለመግባባት መፍትሔ ይፈልጋል፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትንም ቀመር ይወስናል። የዶዮገና መምህር ደመወዝና የጤና ጣቢያው በጀት በክልልና በወረዳ በኩል ቢመጣም፣ አንዱ ዋና ምንጩ ይህ ድጎማ ነው።

ሕገ መንግሥቱን ሲተረጉም የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያግዘዋል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የምክር ቤቱ ነው። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫ ሲራዘም የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን እንዲቀጥል የወሰነውም በዚሁ ሥልጣኑ ነው። የራስን ክልል የመመሥረት ጥያቄም ወደዚሁ ምክር ቤት ሊደርስ ይችላል። ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ ኢትዮጵያ በሕዝበ ውሳኔ ክልል ከሆኑ በኋላ፣ ከቀድሞው ደቡብ ክልል የቀሩት ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ጉራጌ፣ ስልጤና ሌሎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልን መሠረቱ።

በክልል ደረጃ

የቀድሞው ደቡብ ክልል በ1994 ዓ.ም. ባሻሻለው ሕገ መንግሥት ከክልሉ ምክር ቤት ጎን የብሔረሰቦች ምክር ቤት አቋቁሞ የክልሉን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን ሰጥቶታል። ማዕከላዊ ኢትዮጵያም የብሔረሰቦች ምክር ቤት አለው።

ጉድለቱና መፍትሔው

በሀዲያ በ1992ቱ ምርጫ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የመሩት ተቃዋሚ ወገን የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮችን አሸንፏል። እንዲህ ያለ ድምፅ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚገባበት በር ግን ጠባብ ነው፤ አባላቱን በተግባር የሚመርጠው የክልል ምክር ቤት ስለሆነ፣ ክልሉን የያዘው ፓርቲ ሰዎች ይበዙበታል። ሕገ መንግሥትን የሚተረጉም አካል ደግሞ ከማንም በላይ የሁሉም አመኔታ ያስፈልገዋል። መፍትሔው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል አያስፈልገውም። አንቀጽ 61 አባላቱ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ የማድረግ አማራጭ ለክልል ምክር ቤቶች ሰጥቷል፤ ክልሎች ይህን በር ሊከፍቱት ይገባል።