የመኪና ቀለም ጭረት ጥገና

የመኪና ቀለም ጭረት ጥገና የተሽከርካሪ አካል ሲጫር ወይም ቀለሙ ሲላጥ የተጎዳውን ቦታ አጽድቶ፣ ከዝገት ጠብቆ ወደ ቀድሞ መልኩ የመመለስ ሥራ ነው። ከባድ ጉዳት በጋራዥ የሚጠገን ሲሆን ቀላል ጭረትና የፕላስቲክ ክፍሎች ጉዳት በቤት ሊጠገን ይችላል። ዋናው ዓላማ ውበት ብቻ ሳይሆን ላሜራውን ከዝገት ማዳን ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ጥቅም

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ በከፍተኛ መጠን ጨምሯል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህም ምክንያት ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የባለቤቱ ዋና ጉዳይ ሆኗል። ሞተር ሊታደስ ይችላል፤ ዝገት የበሳው ላሜራ ግን ተቆርጦ ሌላ ካልተበየደበት አይድንም።

የቀለም ንብርብሮች

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ብዙውን ጊዜ አራት ንብርብር አለው፦ ላሜራውን የሚሸፍን ፀረ ዝገት ሽፋን፣ ፕራይመር፣ መልኩን የሚሰጠው ቀለም እና ከላይ ያለው ክሊር። ሁሉም ተደምረው ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት አላቸው፤ ይህም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም።

የጭረቱን ጥልቀት መለየት

* ውሃ ሲነካው የሚጠፋና ጥፍር የማይዘው ጭረት ክሊሩ ላይ ብቻ ያለ ነው።
* ጥፍር የሚይዘውና ነጭ ወይም ግራጫ የሚታይበት ጭረት እስከ ፕራይመር ደርሷል።
* ብረት የሚያብለጨልጭበት ወይም ቡናማ ዝገት የያዘ ጭረት እስከ ላሜራ ደርሷል። ይህ ሳይዘገይ መሸፈን አለበት።

አጠጋገን

የመጀመሪያው ዓይነት ጭረት በፖሊሽና በለስላሳ ጨርቅ ይጠፋል። ጠለቅ ካለ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ በቀስታ ተፍቆ ፖሊሽ ይደረጋል። ክሊሩ ስስ ስለሆነ ደጋግሞ መፋቅ ቀለሙን ይገልጠዋል።

እስከ ላሜራ የደረሰ ጭረት በሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠገናል፦

1. ቦታው በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ ቅባቱም በአልኮል ይጸዳል።
2. ዙሪያው በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል።
3. ዝገቱ ብሩህ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቃል። ከዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ከጊዜ በኋላ አብጦ ይላጣል።
4. በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። በክረምት የተገለጠ ላሜራ በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል።
5. ጎድጎድ ያለ ከሆነ ስቱኮ ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ በስሱ ይለጠፋል። ሲደርቅ በ120፣ ቀጥሎም በ240 ቁጥር ወረቀት ይስተካከላል። ስቱኮ እርጥበት ስለሚመጥ ሳይቀባ ማደር የለበትም።
6. ፕራይመር ተቀብቶ ሲደርቅ በ600 ቁጥር ወረቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ቀለሙ፣ በመጨረሻም ክሊሩ በስሱ እየተደጋገመ ይቀባል።

ትክክለኛው ቀለም የሚገኘው በመኪናው የቀለም ኮድ ነው። ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ በበር መዝጊያው አጠገብ ወይም ኮፈን ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። በፀሐይ የደበዘዘ መኪና ላይ ግን በኮዱ የተዘጋጀ ቀለምም ሊለይ ስለሚችል አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር ይመረጣል። የጥፍር ቀለም በጊዜያዊነት ውሃ ይከለክላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚሰነጠቅ የመኪና ቀለምን አይተካም።

የፕላስቲክ ክፍሎች

የጎደጎደ ግን ያልተሰነጠቀ የፕላስቲክ ፓራውልት የፈላ ውሃ ሲፈስበት ይለሰልሳል፤ ከውስጥ በኩል ሲገፋም ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። እጅ እንዳይቃጠል ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል። የተነቀለ ጌጥ የቀድሞው ሙጫ ተጠርጎ በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ይለጠፋል። የነጣ ጥቁር ፕላስቲክን በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት ማሸት ለጊዜው ቢያጠቁረውም አቧራ ይሰበስባል፤ የበርና የመስታወት ጎማዎችንም ያሳብጣል።

የደጋ አየር ተጽዕኖ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት ጫጫና ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላቸው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ክሊርና ፕላስቲክ በደጋ ፈጥነው ይጎዳሉ። በሌላ በኩል ሌሊቱና ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይጥላል። አብዛኛው ቀለምና ስቱኮ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ አይደርቅም፤ በጤዛ ላይ የተቀባ ክሊርም ጉም የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አመቺው ጊዜ በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሥራው ነፋስ በማያገኘው ጥላ ሥር ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በቀጥታ ፀሐይ የጋለ ላሜራ ላይ ቀለም ከላይ ብቻ ደርቆ ይሸበሸባል።

ጥንቃቄ

ቲነርና የሚረጭ ቀለም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት ግቢ አጠገብ መጠቀም አደገኛ ነው። የአሮጌ መኪና ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ እያራሱ መፋቅና ሕፃናትን ማራቅ ያስፈልጋል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ክሊር ሲረጭ የሚወጣው ጭስ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ተራ የአፍ መሸፈኛም አያግደውም፤ ስለዚህ ለጋራዥ የሚተው ሥራ ነው። ዝገት የበሳው ላሜራ፣ የተጣመመ ሻሲና ሴንሰር ያለበት ፓራውልትም በቤት አይጠገኑም።